ከጋፒ ወደ ሽሪምፕ ልዙር ብዬ 20ውም በሁለት ሌሊት አለቁብኝ

ታቦር_ሥር (ሐዋሳ) · ኅዳር፣ እሑድ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ቤት ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ሆዴ ስለተቃጠለ ልጻፍ።

ዓሣ ማርባት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛል። እንደ ሁሉም ሰው በጎልድፊሽ ጀመርኩ፣ ጎልድፊሹን ገደልኩ፣ ከዚያ ጋፒና ሞሊ ውስጥ ገባሁ። ጋፒ ታውቁታላችሁ፣ በየወሩ ይወልዳል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የእኔን ጋፒ በሃይላንድ ጠርሙስ ወስደዋል። አንድ ሰሞን ኤንጅልፊሽ አስገባሁ፤ እነሱ የጋፒ ጫጩት እየለቀሙ ወፈሩ። በመጨረሻ ሁሉም ነገር ሰለቸኝ። ውሃ መቅዳት፣ ውሃ መድፋት፣ መብራት በሄደ ቁጥር «ፓምፑ ቆመ» ብሎ ከእንቅልፍ መነሳት።

አንድ ወዳጄ ስልኩ ላይ ቼሪ ሽሪምፕ (ቅርፊት ያለው ትንሽ ቀይ የውሃ ፍጥረት) ሲያሳየኝ ግን እንደ አዲስ አበድኩ። አረንጓዴ ሞስ፣ ማለትም የገንዳ ተክል ላይ የተበተነ በርበሬ ነው የሚመስሉት። አዲስ አበባ ካለ አንድ አርቢ 20 አዘዝኩ። በሚኒባስ መጡ። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አንድም አልሞተም።

ገንዳው 40 ሊትር ነው። ውሃውን የሚያጠራው ባክቴሪያ እስኪይዝ 5 ሳምንት ያለ ሽሪምፕ ጠበቅኩ። ስለካ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ፒኤች (የአሲድነት ልኩ) 7.8፣ ሙቀቱ 23 ዲግሪ። በግሉኮስ ቱቦ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረግኩ 2 ሰዓት አለማመድኳቸው። ጫጩት ሲወለድ እንዳይመጠጥ ብዬ የፊልተሩን አፍ ሳይቀር አስቀድሜ በመረብ አስሬያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ሐሙስ ማታ ገቡ። ዓርብ ጠዋት 7 ሞተው ደረስኩ። የቀሩት በጀርባቸው ተኝተው እግራቸውን ያርገበግባሉ። አንዳንዱ ብድግ ይልና እንደ እብድ ዞሮ ይወድቃል። ቅዳሜ ጠዋት አንድም የተረፈ የለም። ምን አጠፋሁ?

ሐይቅዳር_ልጅ (ሐዋሳ) · እሑድ ከምሽቱ 3:25

ክሎሪን ነው። አለቀ፣ ደቀቀ።

ታቦር_ሥር · 3:31

ውሃውን 2 ቀን አስቀምጬ ነው የሞላሁት።

ሐይቅዳር_ልጅ · 3:33

በምን ውስጥ?

ታቦር_ሥር · 3:34

በጀሪካን።

ሐይቅዳር_ልጅ · 3:35

ክዳኑ ተዘግቶ? ክሎሪኑ በየት ይውጣ ታዲያ? አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ነው የሚቀመጠው።

ሚሚ_አኳ (ሐዋሳ) · እሑድ ከምሽቱ 4:02

ገንዳው ከተሞላ እኮ 5 ሳምንት አልፎታል። ክሎሪን ቢኖርም እስካሁን ተኖ አልቋል። ለወደፊቱ ግን ባልዲው እውነት ነው።

ታቦር፣ አይዞህ ወንድሜ። እኔም የመጀመሪያዎቹን 15 ቀብሬያለሁ። ከዓሣ የሚመጣ ሰው ሽሪምፕን የሚገድለው በእንክብካቤ ብዛት ነው። ዓሣ ውሃው በደንብ ሲቀየርለት ደስ ይለዋል፣ እኛም እጃችን ያንን ለምዷል። ሽሪምፕ ላይ ግማሹን ውሃ በአንዴ ብትቀይር ያለጊዜያቸው ቅርፊት መጣል ይጀምሩና መሀል ላይ ተሰንገው ይቀራሉ። አንገታቸው ሥር ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ካየህ ያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አይተርፉም። እኔ በሳምንት 10 በመቶ ብቻ ነው የምቀይረው፣ ያውም በዚያው በግሉኮስ ቱቦ። የተነነውን ደግሞ ለብቻው እሞላለሁ።

መስታወቱንም ተውት። ያ በየሳምንቱ እየፈገፈግን የምናወጣው አረንጓዴና ልጋግ መሳይ ነገር የእነሱ እንጀራ ነው። የእኔ ገንዳ የኋላ መስታወት ከተፈገፈገ 2 ዓመት አለፈው። እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ፣ ሽሪምፖቹ ግን ከዚያ አይነሱም።

የአንተ ግን የዚህ ዓይነት ሞት አይመስልም። 20 በ2 ሌሊት ማለት መርዝ ነው። እኔ መዳብ ነው የምጠረጥረው። ጋፒ ነጭ ነጠብጣብ ሲይዘው የምንሰጠው መድኃኒት አንዳንዱ መዳብ አለው። ዓሣው ይድንበታል፣ ሽሪምፕ ግን በጣም ትንሹንም አይችልም። ከድሮው ገንዳ ያመጣኸው ነገር አለ?

ታቦር_ሥር · 4:10

ወይኔ። ስፖንጁንም ግማሹን ጠጠርም ከጋፒው ገንዳ ነው ያመጣሁት፣ ባክቴሪያ ይዞ ይምጣ ብዬ። የዛሬ 2 ዓመት መድኃኒት አድርጌበታለሁ።

ሐይቅዳር_ልጅ · 4:12

መዳብ ነው። አለቀ፣ ደቀቀ። 😂

ጋሽ_አምባዛ (ሐዋሳ) · ሰኞ ከጠዋቱ 1:20

እንደምን አደራችሁ ልጆች። እኔ ዓሣ የማውቀው አሞራ ገደል ነው፣ ከአዋዜ ጋር። አባ ኮዳዎቹ ዳር ቆመው ተራ ሲጠብቁ አይቼ ነው ያደግሁት። የማይበላ ዓሣ በመስታወት ውስጥ መቀለብ ገና ሳይገባኝ ጭራሽ ሽሪምፕ መጣ። ለመሆኑ ይሄ ሽሪምፕ ያላችሁት በአንድ ጉርሻ ስንቱ ይበላል?

ይቅርታ፣ ለቀልድ ነው። ልጁን ሳነብ አዘንኩ። የኅዳር ሌሊት ብርድ ይሆን እንዴ?

ሚሚ_አኳ · 1:45

ጋሼ፣ አንዱ ቢበዛ 3 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጥርስዎ ሥርም አይደርስ። ብርዱ አይገድላቸውም፣ 18 ዲግሪ ድረስ ይችላሉ። እንደውም የሐዋሳ አየር ተስማምቷቸዋል፣ እኔ ሂተር የለኝም።

ቲቸር_ኬሚ (ሐዋሳ) · ሰኞ ከቀኑ 7:05

ክፍል ላይ ስለነበርኩ ዘግይቼ ነው ያየሁት። መዳብ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ። ታቦር፣ ገንዳው ውስጥ ቀንድ አውጣ አለ? ካለስ በሕይወት ነው?

ታቦር_ሥር · 7:20

ከሞሱ ጋር የመጡ ትንንሾች አሉ ቲቸር። እነሱማ ምን ሆነው! የሞቱትን እየበሉ ሠርግና ምላሽ ላይ ናቸው።

ቲቸር_ኬሚ · ሰኞ ከቀኑ 7:50

እንግዲያው መዳብ አይደለም።

መዳብ ለቀንድ አውጣም መርዝ ነው። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ለመግደል ስንት ጊዜ ኮፐር ሰልፌት ተረጭቷል። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድን ነገር የደረሱበት እንዴት ነበር? እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው። ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ ብሎ መጠየቅ ብዙ ያሳያል።

እዚህ ቀንድ አውጣው ተርፏል፣ ሽሪምፑ አልቋል። ሽሪምፕ በዘር ሐረግ ከዓሣ ይልቅ ለነፍሳት ይቀርባል። ለትንኝና ለዝንብ የተሠራ መርዝ እሱንም ይፈጀዋል፣ ቀንድ አውጣውን ግን ያን ያህል አይነካውም። በጀርባ ተኝቶ መንቀጥቀጡም የነርቭ መርዝ ምልክት ነው፤ ፍሊት የነፋህበት በረሮ እንዴት እንደሚሆን አስታውስ። ቤት ውስጥ ፍሊት ተነፍቷል?

ታቦር_ሥር · 8:02

በፍጹም። ባለቤቴ አስም ስላለባት ፍሊት ቤታችን አይገባም።

አዳማ_ሙቀቱ (አዳማ) · ሰኞ ከቀኑ 8:30

እኔ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ጎረቤት ነፍቶ የእኔ አልቀዋል! በመስኮት ገብቶ ነው። ኤር ፓምፕ ማለት የክፍሉን አየር ስቦ ውሃ ውስጥ የሚነፋ ማሽን እኮ ነው። ፍሊቱንም ጨምሮ። እናቴ እስከዛሬ «ሽሪምፕህን ቡዳ በልቶብህ ነው» ነው የምትለው።

አሁን በትንኝ ሰዓት ፓምፑን አጥፍቼ ገንዳውን በእርጥብ ፎጣ እሸፍናለሁ። አዳማ ላይ ትንኝ ሲመጣ ታውቁታላችሁ።

ሚሚ_አኳ · ሰኞ ከቀኑ 9:15

ታቦር ቆይ። መጀመሪያ የጻፍከውን ደግሜ አነበብኩት። የፊልተሩን አፍ በመረብ አስሬያለሁ ብለሃል። ምን መረብ?

ታቦር_ሥር · ሰኞ ከምሽቱ 1:40

ከሥራ መጥቼ ነው ያየሁት። ለመጻፍም አፈርኩ።

አጎበር ነው።

ድሮ በነፃ ሲታደል የወሰድነው፣ የተቀደደ ቁም ሣጥን ላይ ነበር። ቀዳዳው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጫጩት አያሳልፍም ብዬ በመዳፌ ልክ ቆርጬ፣ በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቤ በላስቲክ አሰርኩት። እንዴት እንደኮራሁበት ብታዩ!

ሐይቅዳር_ልጅ · 1:43

ኧረ በማርያም!!

ቲቸር_ኬሚ · ሰኞ ከምሽቱ 2:15

አገኘነው። በአጎበሩ ክር ውስጥ ዴልታሜትሪን ወይም ፐርሜትሪን የሚባል መድኃኒት አለ። ሁለቱም ፓይሬትሮይድ ናቸው፣ የፍሊቱ ቤተሰብ። ደግሞ በሳሙና አጥቤዋለሁ ማለትህ አያዋጣም፤ 20 ጊዜ ታጥቦም ትንኝ እንዲገድል ተደርጎ ነው የተሠራው። አንተ ያን የፊልተሩ አፍ ላይ አስረህ 40 ሊትሩን ውሃ ሁሉ በዚያ በኩል ስታሳልፍ ሰነበትክ። እንደ ሻይ ቅጠል።

ለሰው አልጋ ግን ደህና ነው፤ ይህን አንብቦ አጎበር የሚያወርድ እንዳይኖር። በዚህ ወር ሐዋሳ ላይ አጎበር ከሽሪምፕ ይበልጣል።

ጋሽ_አምባዛ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 1:05

ሐይቅ ላይም በአጎበር ጫጩት ዓሣ የሚያጠምድ አይቻለሁ። ጫጩቱን ስለሚያስቀር ነበር የሚያናድደኝ። ለካ መርዙም አለ። አጎበሩን ወደ አልጋው መልሰው ልጄ።

ታቦር_ሥር · ማክሰኞ ከቀኑ 6:30

ተቀደደ እንጂ እመልሰው ነበር ጋሼ። 😔

አሁን ምን ላድርግ? ውሃውን ብቻ ልቀይር?

ቲቸር_ኬሚ · 7:00

አይበቃም። ፓይሬትሮይድ ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ አፈር፣ ስፖንጅ፣ ጠጠር ላይ ይጣበቃል። ጠጠሩንና ስፖንጁን ጣል። መስታወቱን አጥበህ ፀሐይ ላይ አውለው። ሞሱን ልትተወው ትችላለህ ግን እኔ ብሆን እጥለዋለሁ። ብታገኝ አክቲቬትድ ካርቦን፣ መርዝ የሚመጠውን ከሰል፣ ፊልተሩ ውስጥ አድርግ።

ሚሚ_አኳ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:20

ሞስ እኔ እሰጥሃለሁ። ተንጠልጣዩን ፊልተርም ተወው። በኤር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር ጫጩት አይመጥም፣ እንደውም ጫጩቶቹ ስፖንጁ ላይ ነው ሲበሉ የሚውሉት። የግድ መሸፈን ካለብህ አዲስ የሴት ስቶኪንግ ግዛ። ሱቅ ስትጠይቅ ባለሱቁ እንዴት እንደሚያይህ ግን እኔ የለሁበትም።

መልሰህ ስትጀምር 20 አታስገባ። 2 ብቻ አስገብተህ ሳምንት ጠብቅ። እነሱ ሲሮጡ ካየህ ሌላውን ትጨምራለህ። እኔ ጋ 10 አሉህ፣ በነፃ።

ሐይቅዳር_ልጅ · ረቡዕ ከቀኑ 5:10

እዚሁ ላይ ልጠይቅ፣ እኔም ልቤ ሸፍቷል። ያ ነጭና ቀይ ባለ መስመሩ፣ ክሪስታል ሬድ፣ እዚህ አይሆንም? ደግሞ ውሃ በነፃ ከሐይቁ ብቀዳስ? ቤቴ ከሐይቁ 5 ደቂቃ ነው።

ቲቸር_ኬሚ · ረቡዕ ከቀኑ 6:45

ክሪስታል ሬድ ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ነው የሚፈልገው፣ ፒኤች ከ7 በታች። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ተቃራኒው ነው። ሐይቁ ደግሞ ከቧንቧውም የባሰ አልካላይን ነው፣ በዚያ ላይ ምን ጥገኛ ይዞ እንደሚመጣ አታውቅም። ቼሪ ግን እስከ 8 ይችላል።

እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የአካባቢያችን የከርሰ ምድር ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ ካልሲየም ያንሰዋል። ማሰሮህ ላይ ነጭ ካላየህ «ለስላሳ ነው» ትላለህ፣ ፒኤቹን ስትለካ 8 ይሆናል። ስለዚህ KH (የባይካርቦኔቱ ልክ) እና GH የሚባሉትን ለየብቻ ለኩ። ለቅርፊት የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፣ ካልሲየምና ማግኒዝየሙ። ቼሪ GH 6 እና ከዚያ በላይ ይወዳል።

አዳማ_ሙቀቱ · 7:00

የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩበት። እኔ እንደዚያ ነው።

ቲቸር_ኬሚ · 7:12

አንተ ጋ የአዋሽ ውሃ ነው፣ ይለያል። ፒኤች 8 በሆነ ውሃ የእንቁላል ቅርፊት ዓመት ቢቀመጥ አይሟሟም። ለጌጥ ካልሆነ። የሽሪምፕ ሚኒራል ጨው ከተገኘ እሱ ይሻላል። የግድግዳ ጀሶ ግን እንዳታስገቡ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

ሚሚ_አኳ · ረቡዕ ከምሽቱ 1:30

ካልሲየሙን በምግብም ስጧቸው። የሺፈራው ቅጠል! ደረቁን አንድ ሁለት ቅጠል ውሃ ውስጥ ስትጥሉት መጀመሪያ ይንሳፈፋል፣ ማታ ይሰጥማል፣ ጠዋት ስትነሱ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። የዘይቱን (ጓቫ) ቅጠልም ደረቅ ደረቁን እሰጣለሁ። ቆስጣና ዝኩኒ ቀቅዬ በጥፍር ልክ። ከገበያ የተገዛ ቅጠል ግን እፈራለሁ፣ የተረጨበት መድኃኒት ይኖራል። የጓሮ ብቻ። (የእንሰቱን ቅጠል ለቆጮ ተዉልን።)

ያልበሉትን ከ3 ሰዓት በኋላ አውጡ። ሽሪምፕ በረሃብ ሲሞት አላየሁም፣ በበሰበሰ ምግብ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ሐይቅዳር_ልጅ · 1:50

ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ አንድ ላይ ባደርግስ? ባንዲራ ባይሆንም ያምራል።

ሚሚ_አኳ · 2:05

ይጋባሉ፣ ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው። ከዚያ ልጆቻቸው ወደ ዱሩ መልካቸው ይመለሳሉ፣ ውሃ የመሰለ ቡናማ። ቀይ መሆን በሰው ምርጫ የመጣ ነው። አንድ ገንዳ፣ አንድ ቀለም። ደብዘዝ ያሉትን እየለየህ ለጋፒ ገንዳ ስጣቸው።

«አማኖ» የሚባለውን ደግሞ ለማራባት ብለህ እንዳትገዛ። አልጌ ሲበላ እሱን የሚያክለው የለም፣ ጫጩቱ ግን ለማደግ ጨዋማ ውሃ ይፈልጋል። እንቁላል ታቅፋ እያየሃት ምንም አታገኝም። ቼሪ ግን ሲፈለፈል ጀምሮ እንደ እናቱ ነው፣ በመርፌ አናት ልክ።

ጋሽ_አምባዛ · ሐሙስ ከጠዋቱ 1:15

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሰለቻችሁን፣ የተረፋችሁን ሐይቅ ውስጥ እንዳትጥሉ። ዓሣም፣ ሽሪምፕም፣ ቅጠሉንም። ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቃችን ይገባል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባ ነገር እዚያው ነው የሚቀር። ቆሮሶውና አምባዛው የብዙ ቤት እንጀራ ነው።

ታቦር_ሥር · ሐሙስ ከቀኑ 6:20

ቃል ነው ጋሼ።

ታቦር_ሥር · ሚያዝያ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 4:30

ይህን ውይይት ከሥር ቆፍሬ አወጣሁት። አጎበሩ ሰውዬ ነኝ።

ጠጠሩም ስፖንጁም ተጣለ። ገንዳው 3 ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። 5 ሳምንት እንደገና ጠበቅኩ። የሚሚ 2 ሽሪምፖች ጥር ላይ ገቡ፤ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ ነበር የማያቸው። ከሳምንት በኋላ 8ቱ ተከተሉ። አንድ ቀን ነጭ ሬሳ አይቼ ጮህኩ፣ ለካ የተጣለ ቅርፊት ነው። ባለቤቴ እስከዛሬ ትስቅብኛለች። ቅርፊቱን አታውጣ ተብዬ ተውኩት፣ በማግስቱ ራሳቸው በልተውታል።

የካቲት መጨረሻ ትልቋ ሴት ጀርባዋ ላይ፣ ከጭንቅላቷ ኋላ፣ ቢጫ ኮርቻ የመሰለ ነገር አወጣች። መጋቢት አጋማሽ ላይ ቅርፊቷን ጣለችና ወንዶቹ ገንዳውን ሲዞሩት አደሩ። ጠዋት ኮርቻው ወርዶ ሆዷ ሥር ታቅፋዋለች። ወደ 25 እንቁላል። በሆድ እግሮቿ ስታራግባቸው ልክ ጤፍ የምታበጥር ሴት ናት። መብራት አንድ ሌሊት ሙሉ ጠፍቶ ነበር፣ ፓምፑ ቆሟል፣ እሷ ምንም አልመሰላትም። በጋፒ ጊዜ ቢሆን እኔ በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ እየቀዳሁ ሳፈስ አነጋ ነበር።

31ኛው ቀን ላይ ሆዷ ባዶ ሆነ። ምንም የሚታይ የለም። በላቻቸው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፍቼ በስልክ ባትሪ ሞሱን ሳበራበት ዓይን ታየኝ። ሁለት ጥቁር ነጥብ፣ ሌላው ሰውነቱ እንደ መስታወት። ከዚያ ሌላ። ስፖንጁ ላይ አምስት በአንድ መስመር።

11 ቆጠርኩ። 12ኛው የሺፈራው ቁራጭ ሆኖ ተገኘ።

ሚሚ_አኳ · 4:33

እልልልልል!

ሐይቅዳር_ልጅ · 4:40

ለእኔ 5 ያዝልኝ። ባልዲዬ አፉ ሰፊ ነው።

ጋሽ_አምባዛ · እሑድ ከጠዋቱ 1:10

ለልጅ ልጄ 2 እፈልጋለሁ። አዋዜ አልነካቸውም፣ እምላለሁ።